ከቤት በፊት ራቤል

ረጅም ጉዞ ሊያልቅ ሲል መንገደኛ ይቸኩላል። ሰሜን ኢትዮጵያን ዞሮ በደሴ መስመር ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ኮምቦልቻን ካለፈ በኋላ በመስኮት ማየቱን ትቶ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና... ሁሉም ከቤት የሚለዩ ርቀቶች ብቻ ይሆናሉ። ፎቶ ማንሳት ይቀራል፣ ሻይ ለመጠጣት መቆም እንኳ ጊዜ ማባከን ይመስላል። የመጨረሻው ቀን ከጉዞው አይቆጠርም።

እኔና ባለቤቴ በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንዲህ ያለውን የመጨረሻ ቀን ወደ አራት ቀን አራዘምነው። ምክንያታችን የአገር ፍቅር ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ቤት ስንደርስ የሚጠብቀን ጥያቄ ነበር፤ ሁለታችንም ለመመለስ አልቸኮልንም።

ጥያቄው በብዙ ቤት ያለ ነው። ሁለቱ ልጆቻችን የሚኖሩት ካናዳ ነው። ሴቷ በሰኔ ወልዳለች። እኔ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ባለቤቴ ደግሞ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣን። ልጆቹ «ቤቱን ሽጡና ጠቅልላችሁ ኑ» አሉን። እኔ ልቤ ሄዷል። እሱ ግን ቤቱን የሠራው በገዛ እጁ ድንጋይ እያስመረጠ ነው፤ ዕድሩም፣ ጓደኞቹም፣ የአባቱ መቃብርም እዚህ ነው። ከመወሰናችን በፊት አንድ ጊዜ እንኳ አገራችንን በወጉ እንያት ተባባልንና ያረጀችውን ራቭ ፎራችንን አስፈትሸን ወጣን። መልሱን ስንመለስ ለመስጠት ተስማማን።

በጎጃም በኩል አባይ በረሃን ወርደን ወጣን። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ከዚያ በሽሬ አክሱም፣ አዲግራት፣ መቀሌ፣ ወልድያ፣ ላሊበላ፣ ደሴ። በ19 ቀን ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳን። ስለ ሁሉም ነገር አወራን፤ ስለ ቤቱ ግን አላወራንም።

ጣርማበር ላይ ወደ ቀኝ

ከደብረ ሲና ከተማ ጀምሮ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። ቆላው ከኋላ ይቀራል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጉሙ ይመጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሸንቁሮ ያበጀውን ዋሻ አልፈው ሲወጡ ጣርማበር ነዎት። ከዚያ አዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለምሳ ባይደረስ ለመክሰስ ይደረሳል። ብዙው መኪና ሳይቆም ወደ ደብረ ብርሃን ይቀጥላል። በስተቀኝ ግን ወደ መዘዞና ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። መንዝ የሚገባው በዚያ ነው።

ባለቤቴ ፍሬን ያዘና ተመለከተኝ። «ቸኩለሻል?» አለኝ። «አልቸኮልኩም» አልኩት። ተጠመዘዘ።

መንዝን አብዛኞቻችን የምናውቀው በስም ነው። ስለ ብርዱ፣ ስለ በጉ፣ ስለ ጀግንነቱ ሲወራ ሰምተናል። ቀርበው ሲያዩት ከሁሉ በፊት የሚገርመው ስፋቱ ነው። ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣ መሬቱ ተዘርግቶ፣ ዛፍ እንደ ልብ አይታይም፤ ባሕር ዛፍ ካለ እዚያ ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ሜዳ ነው ሲሉት ድንገት ጥልቅ ሸለቆ ይቆርጠዋል። ቤቶቹ በድንጋይ የተካቡ ናቸው፤ የእርሻ ድንበሩም ድንጋይ ነው። በጥቅምት ገብሱ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ወርቃማ ሆኖ ነፋሱ ሲመታው አንድ ላይ ይተኛል።

ይህ መሬት የሸዋ ነገሥታት ሥር ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተነሡት አቤቶ ነጋሲ ክርስቶስ መነሻቸው መንዝ ነበር፤ ሣህለ ሥላሴም ሆኑ ዳግማዊ ምኒልክ የሚቆጠሩት ከእሳቸው ዘር ነው። መንዝ ራሱ በጥንቱ አከፋፈል ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ግሼ የእነዚህ የሰሜን ጎረቤት ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፦ ግማደ መስቀሉ ያለበት ግሸን ማርያም ሌላ ነው፤ እሱ አምባሰል ነው። የእኛ ግሼ የሰሜን ሸዋው ግሼ ነው፤ ዋና ከተማው ራቤል።

ተዘግቶ የሚጠበቅ ሣር

ወደ ራቤል ከመዝለቃችን በፊት ከመሐል ሜዳ በስተምሥራቅ ባለው በጓሳ አንድ ሌሊት አደርን። ጓሳ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ የውርጭ አገር ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከለያ ገሳ ይሆናል። ከተራራው ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ አባይ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው አዋሽ።

ጠዋት ስንነሳ ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል አንድ በአንድ ወጥተው ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ሰው እንደሚለቅም ሣሩን በሁለት እጃቸው ይለቅማሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር በዱር አይገኝም። ጎረቤቱ ቀይ ቀበሮም እንዲሁ የእኛ ብቻ ነው፤ በመላው ዓለም የቀረው ከ500 በታች ነው። እኛ አንድ አየን፦ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አይጥ እያደመጠ፣ ሰው መኖራችንን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ሄደ።

ይህ ሁሉ ሊተርፍ የቻለው ማንም ስላልደረሰበት አይደለም። ሰው ከጥንት ጀምሮ ይጠቀምበታል። ምሥጢሩ ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ባለመብቶቹ የራሳቸውን አለቆች «አባ ቄራ» ብለው ይመርጣሉ፤ ጓሳ ለዓመታት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ማጨድም፣ ማሰማራትም የለም። ሲደርስ በአዋጅ ይከፈታል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብቶ ያጭዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። በተዘጋበት ወቅት ደፍሮ ያጨደ ሰው ቅጣቱ የዋዛ አልነበረም፦ በአዲስ ጓሳ የተከደነ ቤት ከተገኘ ይቃጠል ነበር። ሥርዓቱ የቆመው በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ የባለርስትነት መብት ሲቀር ቄሮም አብሮ ቀረ። ነዋሪው ግን ነገሩን አልተወውም፤ በኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን አስቀጠለ። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚተዳደር ጥብቅ ሥፍራ ነው። እንግዳ የሚያድርበት ሎጅም የማኅበረሰቡ ነው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሰምቶ፣ «እንግዲህ መዝጋትና መተው አንድ አይደለም ማለት ነው» አለ። ስለ ሣሩ የተናገረ መሰለኝ። ለአንድ ቀን ያህል እንደዚያ መሰለኝ።

«ዘመድ አላችሁ?»

ከመሐል ሜዳ ወደ ሰሜን ያለው መንገድ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት የሚለካ ነው። ጠጠር ነው፤ ፍየል ይቆማል፣ በግ ያቋርጣል፣ በቅሎ የጫነ ሰው ጥግ ይዞ ያሳልፋል። ብርድ ያጠቆረው ፊት ያላቸው ሕፃናት እጃቸውን እያውለበለቡ ይሮጣሉ። ራቤል የደረስነው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር።

ራቤል ለቱሪስት የተዘጋጀች ከተማ አይደለችም። የቆርቆሮ ጣራ፣ የወረዳ መሥሪያ ቤቶች፣ ሱቆች፣ ጠላ ቤቶች፣ አልጋ ቤት፣ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው። ብርዱ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እንደ እንግዳ ተቀባይ መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ለመታየት የምትለፋ ከተማ ስላልሆነች አንዳች ነገር ከትከሻችን ወረደ። ላሊበላና አክሱም እያሉ «ይህን ሳናይ እንዳናልፍ» የሚል ሥራ ነበረብን። ራቤል ላይ መቀመጥ ብቻ ነበር የቀረን።

አንድ ትልቅ ሰው ደጃቸው ላይ ዝተት ይሠራሉ። ዝተት ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም የመኝታ ልብስ ነው። በዚህ አገር ሴቶቹ ፀጉሩን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ከዚያው ፀጉር ባናና ጥቁሩ በርኖስም ይወጣል። የመንዝ በግ ሰውነቱ ትንሽ ቢሆንም ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ብርዱ ለበጉ የሰጠውን በጉ ለሰው ያወርሳል።

ሰላምታ ሰጥተን ቆምን። ሥራቸውን ሳያቆሙ፦

«ከየት ናችሁ ልጆቼ?»

በ60 ዓመቴ «ልጄ» መባል እንዴት ደስ ይላል!

«ከአዲስ አበባ።»

«ዘመድ አላችሁ?»

«የለንም አባባ።»

«ለቅሶ ነው?»

«አይደለም።»

«የፍርድ ቤት ጉዳይ ይዛችሁ ነው?»

«አገር ለማየት ነው የመጣነው።»

መወርወሪያውን አስቀመጡ። ቀና ብለው አዩን፣ መኪናዋን አዩ፣ መንገዱን አዩ። «እንግዲያስ ቁጭ በሉ፤ አገር ቆሞ አይታይም» አሉን።

ተቀመጥን። ልጅ ተልኮ ቆሎ መጣ፣ ጠላ መጣ። ስለ ዘንድሮ ገብስ ነገሩን፣ ስለ በልጉ መክዳት ነገሩን። ከዚያ የማይቀረው መጣ፦ ልጆች አላችሁ? አሉን። ሁለት እንዳሉን፣ ውጭ አገር እንደሚኖሩ ነገርናቸው።

«የእኔም አራቱ አዲስ አበባ ናቸው» አሉ። «ለእኔ ያውም ውጭ አገር ነው።»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«አይጠይቁዎትም?»

«ለጥምቀት አንዱ ይመጣል፣ ለፋሲካ አንዷ ትመጣለች። ኑና ከእኛ ጋር ኑሩ ብለውኝ ሄጄ ነበር። አንድ ወር ተቀመጥኩ። ደኅና ናቸው፤ አልጋው ደኅና ነው፣ ምግቡ ደኅና ነው። ቤታቸውን አየሁ፣ ልጆቻቸውን አቀፍኩ። ከዚያ መጣሁ።»

«ሰለቸዎት?»

«ኧረ! ልጅ ይሰለቻል? ልጅን ማየት ሌላ፣ ልጅ ቤት መኖር ሌላ።» መወርወሪያውን አነሱ። «አሁንም እሄዳለሁ። ቤቴ እዚህ ስላለ ስሄድ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ደግሞ ይከበራል።»

ባለቤቴን አላየሁትም። እሱም አላየኝም።

ስንነሳ አንድ ባና ልገዛ ጠየቅኋቸው። ለማን ነው አሉኝ። «ለልጅ ልጃችን» አልኳቸው። «ዕድሜው ስንት ነው?» «አራት ወሩ።» ባናውን አጥፈው ሰጡኝ፤ «ያድግበታል» አሉ። ከባድ ነው፣ ሻንጣ ይሞላል። ባለቤቴ ምንም ሳይል ተቀብሎኝ ትከሻው ላይ አደረገው። አውቆ እንደያዘልኝ ገባኝ።

ከሰሜን የሚመጣው መንገድ

ከግሼ በስተሰሜን ደቡብ ወሎ ነው። በዚያ አቅጣጫ መቅደላ አለ፤ ወረኢሉም አለ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስር ቤት ከመቅደላ አምልጦ ወሎን አቋርጦ ወደ ሸዋ የተመለሰው ከዚያ ነው። በልጅነቱ ተወስዶ ጎልማሳ ሆኖ ተመለሰ። የዚያ ጉዞ ዋጋ ግን በሁለት ሴቶች ላይ ወደቀ። አንዷ ባለቤቱ፣ የቴዎድሮስ ልጅ አልጣሽ ናት፤ ጥሏት ሄደ። ሌላዋ የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ናቸው። ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ እያለ የሌላ ሰው ልጅ ወደ አገሩ እንዲገባ አሳለፉት፤ ልጃቸው በዚያ ምክንያት ተገደለ።

ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት፣ እኚሁ ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ የሸዋን ጦር የቀጠሩት ወረኢሉ ላይ ነበር። በዚያ ጉዞ ግን ባለቤታቸው አልቀሩም። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው አብረው ሄዱ፣ አብረው ተመለሱ።

ይህን ታሪክ አልጋ ቤቱ ውስጥ በሻማ ብርሃን እያወራን ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ነበርና። ባለቤቴ፣ «አንቺ እንግዲህ እንደ ምኒልክ ልጅነት ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?» አለኝ። በቀልድ ነበር የጀመረው።

ከ20 ቀን ዝምታ በኋላ በዚያች ሌሊት ተነጋገርን። እኔ ሕፃኑን ሳላቅፍ እንዲያድግ እንደማልፈልግ ነገርኩት። እሱ የሚፈራው ካናዳን ሳይሆን ቤቱ ተሽጦ መመለሻ ማጣትን እንደሆነ ነገረኝ። ይህን ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ አልተቆጣሁም፤ እኔም የእኔን አልነገርኩትም ነበርና። ብዙ አመሸን። ብርዱ አላስተኛንም፤ ባናውን ለሁለት ለብሰን ነበር።

የተስማማነው ይህ ነው፦ ቤቱ አይሸጥም። ይቆለፋል፤ ቁልፉ ለእህቴ ይሰጣል። በዓመት ስድስት ወር እዚያ፣ ስድስት ወር እዚህ እንሆናለን፤ አቅም እስካለን ድረስ። ሁለታችንም የፈለግነውን ሙሉ በሙሉ አላገኘንም። ልጆቹም ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም፤ ወጪው፣ ድካሙ፣ ዕድሜያችሁ አሉ። ትክክል ናቸው። ግን ቤት ያለው እንግዳ መሆን እንመርጣለን።

ለምትሄዱ

ራቤል ድረስ በራሳችሁ መኪና ለመሄድ ካሰባችሁ ከፍ ያለ መኪና ይሻላል። ክረምት ላይ አትሞክሩት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር መሬቱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ነዳጅ ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ሲና ላይ ሙሉ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ወፍራም ካልሲ፣ ኮፍያና ጃኬት ለልጆች የግድ ነው፤ በቀን ፀሐይዋ ብታታልላችሁም ሌሊቱ ይቀጣል። ከፍታው ስለሚያደክም በመጀመሪያው ቀን ልጆችን ብዙ አታስሩጡ፣ ውኃ አብዝታችሁ ስጡ። ጓሳ ላይ ለማደር አስቀድሞ መደወል ይበጃል፤ አስጎብኚም ከዚያው ይገኛል፤ የምትከፍሉት ገንዘብ ለጠባቂዎቹ ማኅበረሰብ ነው። ጭላዳዎቹን ምግብ አትስጧቸው። ራቤል ላይ «ምን የሚታይ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ደጅ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ፈልጋችሁ ሰላም በሉ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ የትም ብትሄዱ የጉዞውን ጅራት አትቁረጡት። ቤተሰብ ይዞ የሚወጣ ሰው ለመጀመሪያው ቀን ብዙ ያስባል፦ ስንቅ፣ ሻንጣ፣ ሰዓት። ለመጨረሻው ቀን ማንም አያስብም። መኪና ውስጥ ብዙ ቀን አብረው የተቀመጡ ሰዎች ለመነጋገር የሚበቁት ግን ማየቱ ሲያልቅ፣ ፎቶው ሲበቃ፣ ቤት ሲቃረብ ነው። ለዚያ ንግግር አንድ ወይም ሁለት ቀን ትርፍ ያዙ። ጣርማበር ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ለዚህ ይጠቅማል፤ በሌላ አቅጣጫ ለምትመለሱ ደግሞ በየመስመራችሁ ሳትቆሙ የምታልፉት አንድ መገንጠያ አይጠፋም።